የጠፋው ትከሻ

ይበልጣል ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወርድ፣ እስከዳር ገና ከኮቴው ወሬው ደግ እንዳልሆነ አወቀች። ደግ ወሬ የያዘ ሰው ረጋ ብሎ ነው የሚወርደው፤ መንገድ ላይ ሻይም ያዛል። ይበልጣል ጎንደር ፒያሳ ካለው ፎቶ ቤቷ በላይ፣ ፎቁ ላይ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ላፕቶፑን ዘርግቶ ለሰው የቪዛ ፎርም የሚሞላ ጎረቤቷ ነው። ፎቶ የጎደለበትን ደንበኛ እሱ ወደ ታች ይልካል፣ ፎርም የቸገረውን እሷ ወደ ላይ ትልካለች። እንዲህ እየተላላኩ አምስት ዓመት ኖረዋል።

«ተመለሰ» አላት፣ በሩ ላይ እንደቆመ።

«ምኑ?»

«የዛሪማዋ ሴትዮ ፎቶ። የልጅቷ አልፏል። የእናትየው ተመለሰ።»

እስከዳር እጇ ላይ የነበረውን ሌንስ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ሴትዮዋን አልረሳቻትም፤ የትነበርሽ ትባላለች። የዛሬ አስር ቀን ነበር የስምንት ዓመት ልጇን ብርቄን አዝላ የመጣችው። በስምንት ዓመት ልጅ አይታዘልም፤ ብርቄ ግን ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ፤ አስር እርምጃ ስትራመድ ከንፈሯ ይጠቁራል፣ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። አንድ በጎ አድራጊ ማኅበር ህንድ አገር ሐኪም ቤት አልጋ አግኝቶላታል። አውሮፕላኑም ሕክምናውም በማኅበሩ ነው። የቀረው ቪዛ ብቻ ነበር፤ ለልጅና ለእናት።

«እስከ መቼ ድረስ ነው?»

«እስከ ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት። ዛሬ ካልገባ አልጋውን ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ልጅ ይሰጡታል። ጠዋት ደውለው ነግረውኛል።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«መስከረም ይሉኛል፣ ምናልባት።»

ብርቄ መስከረምን ታያለች ወይ የሚለውን ሁለቱም አላነሱትም።

ይበልጣል ስልኩን አቀበላት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም። ነጭ ግድግዳ፣ ነጭ ሻሽ፣ ነጭ ነጠላ፣ መሀል ላይ አንድ የተጨነቀ ጠይም ፊት። ትከሻ የለም። ነጠላው ከነትከሻው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። ከሥሩ በቀይ የተጻፈውን ይበልጣል ተርጉሞ ነገራት፦ የአመልካቿ አካል ከጀርባው ተለይቶ አይታይም፤ በኮምፒውተር ያልተነካካ አዲስ ፎቶ ይላክ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎንደር ሰው ፎቶ አንሺን የሚመዝነው በነጩ ነው። ሙሽራ ትሁን፣ ዲያቆን ይሁን፣ ጋዋኑን የለበሰ ተመራቂ ሐኪም ይሁን፣ ሁሉም የሚለው አንድ ቃል ነው፤ «ነጩን አንጪልኝ»። ነጠላዋን አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ተጠንቅቃ አጣጥፋ ይዛ የመጣች ሴት፣ ፎቶው ላይ ልብሷ አመድ መስሎ ቢወጣ ስድብ ነው፤ ሰፈር ሙሉ ታወራዋለች። ስለዚህ እስከዳር ያን ዕለት ሁለቱን መብራቶች ከፍ አድርጋ፣ ነጩን እስኪበቃው አንጥታ አነሳቻት። ከገጠር የመጣች፣ የታመመ ልጅ የያዘች እናት ናት፣ ደህና ነጭ ይገባታል ብላ። አክብራ አጠፋቻት ማለት ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉ ነበር አባቷ አቶ አድማሴ። ይህቺን ፎቶ ቤት አርባ ዓመት የሠሩባት እሳቸው ናቸው፤ ባለፈው ሰኔ ነው ያረፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከዳር ከል እንደለበሰች ናት፤ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ሻሽ። አሁን መጋቢት ሆኗል፤ ሙት ዓመታቸው ሊደርስ ሦስት ወር ቀርቶታል። እሳቸው ቢኖሩ ኖሮ ይህ ስህተት ባልተሠራ። «ነጭ ብቻውን አይታይም፤ ጥቁር ጎረቤት ይፈልጋል» እያሉ፣ ነጭ ለባሽ ነጭ ግድግዳ ፊት ሲቆም ግራና ቀኙ ጥቁር ጨርቅ ያቆሙ ነበር፤ ፎቶው ውስጥ ሳይገባ፣ ከጠርዙ ትንሽ ራቅ ብሎ። ያን ጊዜ የነጠላው ዳር ቀጭን ጥላ ይይዛል፤ በእርሳስ እንደተሰመረ ሆኖ ከግድግዳው ይለያል። እስከዳር ይህን ከፊደል ቀድማ ነው የተማረችው። ግን ማወቅ ሌላ፣ በሰዓቱ ማስታወስ ሌላ ነው።

«ጥራቸው» አለች። «የት ናቸው?»

«ፀዳ፣ ዘመድ ቤት። ደውያለሁ፤ ባጃጅ እየፈለጉ ነው።»

ሰዓቱ ስድስት ተኩል ነበር። ጊዜ አለ ብላ ራሷን አጽናናች። መብራቶቹን አቆመች፣ ግድግዳውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለች፣ ለመሞከር የራሷን ነጭ ፎጣ ወንበር ላይ ሰቅላ አነሳች። ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ሁለቱም መብራቶች ባንድ ጊዜ ድርግም አሉ። መንገዱ ማዶ ካለው ጁስ ቤት «ሄደ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄኔ ነው። የከተማው መብራት ሲሄድ መቼ እንደሚመጣ አይናገርም።

እናትና ልጅ የደረሱት ስምንት ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ብርቄ እናቷ ጀርባ ላይ ሆና በቀይ ሹራቧ ደምቃለች፤ ያቺ ቀይ ሹራብ ናት ፎቶዋን ያሳለፈቻት። የትነበርሽ ከራስ እስከ እግር ነጭ ናት፣ ነጠላዋ ጥለት እንኳ የለውም። በሩ ላይ ስትደርስ ቆም አለች፤ ያን ቀንም እንዲህ ቆም ብላ ነበር። ዓይኗ ከእስከዳር ጥቁር ሻሽ እስከ ጥቁር ጫማዋ ወርዶ ተመለሰ። አማተበችና ገባች።

«ምነው፣ ፎቶው ምን ሆነ አሉ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ» አለች እስከዳር። «ነጩን አብዝቼው ትከሻሽ ጠፋ። ሌላ ቀለም ያለው ልብስ አልያዝሽም? ሹራብ፣ ሻርፕ፣ የፈለገው ይሁን? እኔ ዘንድም ለደንበኛ የማውሰው ኮት አለ።»

የትነበርሽ ልጇን ወንበር ላይ አስቀመጠች። «ተስያለሁ» አለች። «የደብራችን ማርያም ፊት ቆሜ፣ ልጄን እስክታድንልኝ ቀለም ያለው ጨርቅ ገላዬን አይንካኝ ብያለሁ። ነጭ ለብሼ እለምናለሁ፣ ነጭ ለብሼ እጠብቃለሁ ብያለሁ። አሁን ለፎቶ ብዬ ላፍርስ?»

እስከዳር አልተከራከረችም። ስለት ስለት ነው። በዚያ ላይ የገዛ ጥፋቷን በሰው ስለት ልታርም መሞከሯ ራሱ አሳፈራት።

ሥራ ጀመረች። መብራት ከሌለ ያለው የመስኮቱ ብርሃን ነው፤ እሱ ለፊት ይበቃል፣ ለግድግዳው ግን አይደርስም። አንድ ጊዜ አነሳች፤ ነጠላው ሸጋ ሆኖ ወጣ፣ ክሩ ሳይቀር ይቆጠራል፣ ግድግዳው ግን አመድ ሆነ። ነጭ ጀርባ ነው የተባለው፤ አመድ አይቀበሉም። ብርሃኑን ጨመረች፤ ግድግዳው ነጣ፣ ትከሻው እንደገና ጠፋ። ቢያንሱ በዚህ፣ ቢጨምሩ በዚያ። ደንበኛ ፀጉሩን የሚያበጥርበትን ትልቅ መስታወት ተሸክማ በሩ አጠገብ አቆመችው፤ በምዕራብ በኩል የሚገባውን ፀሐይ ተቀብሎ ግድግዳው ላይ ወረወረው። ግድግዳው በራ። ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን ካሜራው ቀጭ እስኪል ድረስ ብቻ ነበር። ፊቱ ደህና፣ ግድግዳው ደህና፣ የነጠላው ዳር ግን የለም። ጎረቤት የለውማ።

አባቷ ሙሽሮች የሚያነሱበትን አረንጓዴ መጋረጃ አውርዳ ከጎን ሰቀለችው። የትነበርሽ ግማሽ ፊቷ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ።

«እማ ጎመን መሰለች!» ብላ ብርቄ ሳቀች፤ ሳቋም ወዲያው ወደ ሳል ተለወጠ። እናቷ ተሯሩጣ ጀርባዋን ደገፈቻት። የልጅቷ ጥፍሮች ጫፋቸው ሰማያዊ እንደሆነ እስከዳር ያን ጊዜ ነው ያየችው። አስር ቀን ሙሉ ሳላውቀው ይቺን ልጅ በስህተቴ አስጠብቄያታለሁ ብላ አሰበች።

ነጭ እንዲህ ነው፤ አጠገቡ ያለውን ቀለም ሁሉ ይጠጣል። ቀይ ካቆሙለት ይቀላል፣ ሰማያዊ ካቆሙለት ሰማያዊ ይሆናል። ምንም የማይሰጠው ጥቁር ብቻ ነው። እስከዳር ይህን እያወቀች ነበር ስትዞር የቆየችው። በመጨረሻ ወደ አባቷ ጨለማ ክፍል ገባች። ድሮ ፊልም የሚያጥቡበት፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ነው፤ ከሞቱ ወዲህ ገብታበት አታውቅም። በሩ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን ወፍራም ጥቁር መጋረጃ ነቅላ ይዛ ወጣች፤ ለሁለት ቀደደችው፣ ግራና ቀኝ በመብራት ማቆሚያዎቹ ላይ ሰቀለችው።

የትነበርሽ ከወንበሩ ተነሳች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጨርቅ ብቻ ነው እትዬ፣ ፎቶው ውስጥ አይገባም። የነጠላሽን ዳር እንዲያወጣልኝ ነው...»

«ከል ነው።» ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ጮኻ ቢሆን ይሻል ነበር። «ግራና ቀኜ ከል ሰቅለሽ መሀል ልታቆሚኝ? ይቺ ልጅ ተቀምጣ እያየችኝ? ምን በድዬሽ ነው?»

«እትዬ የትነበርሽ...»

«አልቆምም! መንገዱም ይቅር፣ አልጋውም ይቅር! በከል መሀል አልፌ ልጄን ሐኪም ቤት አላስገባም።» ብርቄን አንስታ አዘለቻትና ወጣች።

እስከዳር ልትከተላት አንድ እርምጃ ሄደችና ቆመች። ከነጥቁር ልብሷ ከኋላዋ ብትሮጥ ምን ይባላል? ደግሞ በልቧ አልፈረደችባትም። የውጭ አገር ሰው ቢሆን አጉል ፍርሃት ይለው ይሆናል። እስከዳር ግን ያደገችው እዚሁ ነው፤ የታመመ ልጅ ባለበት ቤት ጥቁር ጨርቅ እንኳን መስቀል፣ ስሙን መጥራትም እንደማይገባ ታውቃለች። የሷ ልጅ ብትሆን እሷም ትወጣ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ሰዓቷን አየች። አስር ሰዓት ሊሆን ነው። መስታወቱ የወረወረው የፀሐይ ቁራጭ ግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጭራሽ ይወርዳል። ጨርቆቹን አውርዳ ማጠፍ ጀመረች።

በሩ ላይ ጥላ ተጋረደ። የትነበርሽ ናት፣ ብርቄን ይዛ ተመልሳለች። ጨርቆቹ መታጠፋቸውን አየችና ገባች።

«ማን ሞቶብሽ ነው?» አለች።

እስከዳር አልጠበቀችውም። «አባቴ። ሰኔ ላይ።»

«አያ አድማሴ? ስሙ በሩ ላይ ያለው?»

«አዎ።»

«እግዜር ያጥናሽ። ነፍሳቸውን ይማር።» የትነበርሽ ነጠላዋን ወደ ላይ ሳብ አደረገች፤ ሳትቀመጥ ቀጠለች። «ያን ለት ገብቼ ከልሽን አየሁት፤ ነፍስ ይማር ሳልልሽ ወጣሁ። እኔ የሰው ልጅ፣ የክርስቲያን ልጅ! ለልጄ ፈራሁ። ሐዘንሽ የሚጋባ መስሎኝ ፊቴን አዞርሁብሽ። አሁን እደጅ ቆሜ ሳስበው፣ ፎቶው ምነው ተመለሰ ስል፣ ሐዘንተኛ ንቀሽ አልፈሽ ምን ይቅናሽ አለኝ ልቤ።»

«እሱ እንኳ የእኔ ጥፋት ነው፤ መብራቱን አብዝቼ...»

«የመብራቱን አንቺ እወቂው። የኔን እኔ አውቃለሁ።» ወደ ግድግዳው ሄዳ ቅድም የቆመችበት ቦታ ላይ ቆመች። «ጥቁር አይደል የቸገረሽ፣ ከጎኔ? ነዪና አንቺ ቁሚልኝ።»

«እኔስ ከል አይደለሁም?»

«ባዶ ጨርቅ ሲሰቀል ሟርት ነው። ሰው ሲለብሰው ሐዘን ነው። ሐዘንተኛ አጠገብ መቆም ምን ጊዜ ነውር ሆኖ ያውቃል? ነዪ፣ ፀሐይሽ ሊያልቅ ነው።»

እስከዳር ተነሳች። በስተቀኝ እሷ ትቆማለች፤ ለስተግራስ? ዞር ስትል የአባቷ ጨለማ ክፍል በሩ ክፍት እንደሆነ አየች፤ መጋረጃው ተነቅሎ ውስጡ ድቅድቅ ብሏል። የትነበርሽን አንድ ክንድ ያህል ወደዚያ አስጠጋቻት።

«ያስ ምንድን ነው?» አለች የትነበርሽ፣ በጥርጣሬ።

«የአባቴ ክፍል ነው። ጨርቅ አይደለም፤ ጨለማ ብቻ ነው።»

«ጨለማስ የእግዜር ነው» አለችና ፊቷን ወደ ካሜራው አዞረች።

እስከዳር መስታወቱን መለሰችው፤ የፀሐዩ ቁራጭ ግድግዳው መሀል ገባ። ካሜራውን በአስር ሰከንድ ራሱ እንዲያነሳ አዘጋጀችው፣ ቁልፉን ተጭና ሮጣ ከየትነበርሽ ጎን፣ ለቪዛው ከሚቆረጠው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብላ ቆመች። ቀይዋ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ብርቄ ወንበሯ ላይ ሆና ብልጭታውን እየተከተለች «አንድ... ሁለት... ሦስት...» ትቆጥራለች፤ በየመሀሉ ትንፋሽ ትወስዳለች። አስር ሰከንድ እንዲህ እንደሚረዝም እስከዳር አታውቅም ነበር። ስድስት ላይ ሲደርስ፣ ከታች፣ ለቪዛው በማይገባው በኩል፣ አንድ ሻካራ እጅ እጇን ያዘው።

በመጀመሪያው የትነበርሽ ዓይኗን ጨፈነች። በሁለተኛው ፀሐዩ ላይ ደመና መጣበት፤ ሦስቱም እስኪያልፍ ወደ በሩ እያዩ ቆሙ። አራት ደቂቃ ፈጀ። እስከዳር ደመናውን በሆዷ ሰደበችው፤ የትነበርሽ ማርያምን ለመነች፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። በሦስተኛው ቀጭ ሲል እስከዳር ሮጣ ሄዳ ምስሉን አየችው።

ትከሻ ወጥቷል። ግራም ቀኝም። ከነጩ ግድግዳ ላይ አንዲት ቀጭን ጥላ ከጆሮዋ ሥር ተነስታ፣ በነጠላው እጥፋት ላይ ወርዳ፣ ክንዷ ላይ ታልቃለች። የትነበርሽ ሙሉ ሰው ሆና ቆማለች።

«ይበልጣል!» ብላ ጮኸች፤ ጩኸቷ ደረጃውን ቀድሟት ወጣ።

አስር ሰዓት ከሃምሳ ነበር። የይበልጣል ላፕቶፕ ባትሪው ቀይ መትቷል፤ ኔትወርኩ ደግሞ እንደ ልማዱ ይመጣል ይሄዳል። ስልኩን ኔትወርክ እንዲይዝለት በመስኮቱ አውጥቶ በክንዱ ይዞታል፣ በሌላው እጁ ይጫናል። ሰማያዊዋ መስመር ግማሽ ሄዳ ቆመች። አስራ አንድ ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀር እንደገና ተንቀሳቀሰች። ከዚያ አረንጓዴ ምልክት መጣ።

«ተቀበለ» አለ ይበልጣል። ክንዱን ከመስኮቱ ሊያስገባ ረስቶ ነበር።

የትነበርሽ መሬቱን ሳመች። እስከዳር ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ አለች።

ሊለያዩ ሲሉ የትነበርሽ ካሜራው ላይ ያልተቆረጠውን ፎቶ አየችው። ለቪዛው መሀሉ ብቻ ነው የተቆረጠው፤ ሙሉው ላይ ሁለቱም አሉ፣ ነጩና ጥቁሩ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው።

«ከልሽን መቼ ነው የምታወጪ?»

«ሰኔ። ሙት ዓመቱ ሲደርስ።»

«እኔ ሳልመጣ እንዳታወጪ። ነጩን እኔ ነኝ የማለብስሽ። ልጄን በእግሯ ይዣት እመጣለሁ፤ ያን ለት ቀለም ለብሼ ታዪኛለሽ።»

እስከዳር «እሺ» አለች። ምን ብላ እንደተስማማች የገባት ማታ፣ ብቻዋን ስትሆን ነው።

ሄዱ። ግንቦት ላይ ከህንድ አንዴ ደወሉ፤ «ነገ ኦፕራሲዮን ትገባለች» አለች የትነበርሽ፣ ድምፅዋ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ሆኖ። ከዚያ ወዲያ ዝም። ስልኩ አይጠራም። ማኅበሩ «ወደ አገር ተመልሰዋል» ከማለት ሌላ ያለው ነገር የለም፤ ሁለቱም ይሁኑ አንዷ እንኳ አልነገሩም። የዛሪማ መንገድ አንድ ቀን ክፍት ሁለት ቀን ዝግ ነው፤ ኔትወርኩም እንደ መንገዱ። ሰው መላክ አልተቻለም።

ሰኔ ደረሰ። ሙት ዓመቱ ተዘከረ። አክስቶቿ ነጭ ነጠላ ይዘው ከሏን ሊያወጧት መጡ፤ እስከዳር «ትንሽ ቆዩ» አለች። ሰፈሩ አወራ፤ ከልክ ያለፈ ሐዘን እግዜርን መዳፈር ነው ተባለ። ሐምሌ ገባ፣ አሁንም ጥቁር ናት። ማታ ማታ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበር የሚመላለስባት። የትነበርሽ ስትመጣ ሳትናገር ገና ከበሩ ትታወቃለች፤ ነጭ ከለበሰች ልጅቷ ገና አልዳነችም፣ ቀለም ከለበሰች ድናለች። ሦስተኛውን እስከዳር አትጨርሰውም፤ መብራቱን አጥፍታ ትተኛለች።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ድንገት ቆሞ ፀሐይ ወጣ። እርጥቡ አስፋልት አብረቀረቀ፤ የፎቶ ቤቱ በር ዓይን እስኪያጠፋ ነጭ ሆነ። እስከዳር ከጠረጴዛው ቀና ስትል በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች።

ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ናት።

እስከዳር እጇ ላይ የነበረው መቀስ ወደቀ። ብርሃን ከኋላው ያደረገ ሰው ሁሉ ጥቁር እንደሚመስል ታውቃለች፤ ነጭም ይልበስ ቀይም ይልበስ። ሥራዋ ነው፣ በቀን አስር ጊዜ ለደንበኛ የምትናገረው ነው። ማወቋ ግን ያን ሰዓት ምንም አልጠቀማትም። የሴትዮዋን ጀርባ አየች፤ የታዘለ ልጅ የለም። ጎኗን አየች፤ ማንም የለም። ግቢ ማለት እንኳ ረሳች።

«ምነው፣ ዘጋሽኝ?» አለች ሴትዮዋ። አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች።

የመስኮቱ ብርሃን ተቀበላት። ቀሚሷ አረንጓዴ ነው፣ ቀይ ቀይ አበባ ያለበት፣ ገና ከሱቅ የወጣ፣ የታጠፈበት መስመር እንኳ ያልጠፋ። የትነበርሽ ናት። ክንዷ ላይ አዲስ ነጭ ነጠላ ይዛለች።

«ብርቄስ?» አለች እስከዳር።

የትነበርሽ አገጯን ወደ ጣሪያው ቀና አደረገች። ከላይ ከይበልጣል ክፍል በር ሲከፈት ተሰማ። ከዚያ ደረጃው ላይ የልጅ ኮቴ መጣ፣ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ፣ ሳያርፍ፣ ትንፋሽ ሳይወስድ፣ እስከ ታች።

«ራስሽን ዝቅ አድርጊ» አለች የትነበርሽ፣ ነጠላውን እየዘረጋች።

እስከዳር ዝቅ አለችላት።